በእናት ስም የተደረገ ሐጅ

ሩኪያ ባሏ የተወላትን የፕሪም ማሳ የሸጠችው ካዕባን በገዛ ዓይኗ ልታይበት እንጂ ልጇን ልትልክበት አልነበረም። ዳሌዋ ግን ከዳት። አንዱ ከዘራ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ሁለቱንም ግድግዳው ላይ አስደግፋ መስኮቱ ስር ቁጭ አለች። ልጇ ኒያዝ ትራቭኒክ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወስዶ አስመረመራት፤ ውጤቱን ግን እሷን መኪና ውስጥ ትቶ ብቻውን ገብቶ ሰማ።

ኒያዝ የራሱን ሐጅ ቀደም ብሎ አድርጓል። ያን ጊዜ መንደሩ በተክቢር፣ አላሁ አክበር እያለ፣ እስከ ድልድዩ ሸኝቶት ነበር፤ ያ ሽኝት ከልቡ አልወጣም። ኢማሙን ዛኢምን ቤት ድረስ ጠርቶ፣ በእናቴ ምትክ ልሂድላት አለ።

ኢማሙ ሕጉን አስረዱ። ለሌላ ሰው ሐጅ የሚደረገው ያ ሰው ሞቶ ከሆነ፣ አለዚያም የማይድን ሕመም ይዞት ከሆነ ነው።

"ታዲያ እናትህ የመዳን ተስፋ አላት?" አሉት።

"የላትም፣" አለ ኒያዝ፣ እሷ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች።

ተስፋ የላትም መባል እንደ ጥርስ መነቀል ነው፤ ሕመሙ ያልፋል፣ ምላስ ግን ባዶውን ቦታ ሲፈልግ ይኖራል። ሩኪያ አለቀሰችና ሂድልኝ አለችው።

ሄዶ መጣ። ጎረቤቱ ከመካ ያመጣውን የዘምዘም ውሃ እየቀመሰ፣ እጇን እየሳመ "ሐጂያ ሩኪያ" ይላት ጀመር። ካዕባ ምን ትመስላለች ብላ ልጇን ብትጠይቀው፣ "ሰዉ ብዙ ነው እማ፣ ሙቀቱም አይጣል ነው" ከማለት በቀር ምንም አልነገራትም።

በዓመቱ ሳል ያዛትና ምራቷ ናፊያ እዚያው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ሳሏን ትቶ ስለ ዳሌዋ ጠየቀ። በቀዶ ጥገና ቢቀየር በእግሯ እንደምትሄድ ያኔውኑ ለልጇ ነግሮት ነበር፤ ለምን ቀራችሁ? አሁንም አልረፈደም አላት። ናፊያ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

ሩኪያ ነገሩን በሆዷ ይዛ ቤቷ ተመለሰች። ኢማሙን አስጠርታ ግን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፦ ሰው በምትክ ሐጅ ካስደረገ በኋላ ቢድንስ? ከዳነማ ግዴታው ይመለስበታል፣ ራሱ መሄድ አለበት አሏት።

ምሳ ላይ ለኒያዝ ልታከም ነው አለችው። ማወቁን አልካደም፤ አላፈረምም።

"ማሳው ተሸጧል እማ። ብትድኚ ምን ይዘሽ መካ ትሄጃለሽ? የአላህን ዕዳ ተሸክመሽ ልትሞቺ? አሁን እኮ ሐጂያ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። የእኔ ድካም ከንቱ ይቅር?"

እናት ልጇን ትጠላለች ቢባል ማን ያምናል? ሩኪያ ግን ያን ቀን ጠላችው፤ ጥላቻውም እንደ ትኩስ ሾርባ ሰውነቷን አሞቀው።

"እውነትህን ነው፣ ተስፋ የለኝም፣" አለችው። "በል ተንበርከክና ለሶላት መስጊድ ውሰደኝ።"

በጀርባው አዝሏት ዳገቱን ወጣ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። በረዶ ነው ቢላት አልሰማችውም፤ የሚገፋ ወንበር ቢገዛላት ለዳገት አይሆንም ብላ መለሰችበት። ጎረቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ ይላል፤ እሷም በሰው ፊት እያበዛች ትመርቀዋለች፤ እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። በየእርምጃው ዳሌዋ እሳት ይሆናል፤ ከንፈሯን ነክሳ ትችለዋለች። የፕሪሙ ማሳ አጠገብ ሲደርሱ ቁም ትለዋለች። እሷ ዛፎቹን ታያለች፣ እሱ ያለከልካል።

በረዶው እንደገና ሲመጣ የኒያዝ ወገብ ጎብጦ ነበር። አንድ ዓርብ እዚያው ማሳው ጥግ ጉልበቱ ከድቶት ተንበረከከ። ሐኪሙን ሄዶ መለመኑን፣ አልጋ መያዙን፣ ወጪውን ሁሉ እሱ እንደሚችል፣ ስትድንም ቤቱን ሸጦ ቢሆን መካ ይዟት እንደሚሄድ እያለቀሰ ነገራት። ውሸት አልነበረም።

ካዕባ አፍታ ያህል በዓይኗ ውል አለችባት። እድሜዋን ሙሉ የለመነችው ይኸው እጇ ላይ ነበር። ከዚያ በአንገቱ ዙሪያ ያሰረችውን ክንዷን ጠበቅ አደረገች።

"ልጄ፣ ድካምህ ከንቱ ይቅር?" አለችው ጆሮው ስር። "ተነሥ፣ ጁምዓው ያልፈናል።"

ኒያዝ እጆቹን በረዶው ላይ ተክሎ ተነሣ።