የሻለቃ ምስክርነት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ማስመሪያ ሳይነካ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ በዚህ ደግሞ ጉራው አይጣል ነው። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ነው ያደግሁት።

ውሻችን ሻለቃ ይባላል። አረማመዱን ያየ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ምሳ የምንበላው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ነው። ሻለቃ ካልሰጡት በቀር ከሰው ሳህን ነክቶ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን መስረቅ ጀመረ። አባቴ ሲበላ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስሠራ፣ ደንበኞች ልብስ በሚለኩበት መስታወት ውስጥ አየሁት። የአባቴን ፊት ቀና ብሎ ያያል፣ ቀስ ብሎ በግራው ይዞርና ሥጋውን ላፍ ያደርጋል። በቀኙ በኩል ሲሆን ግን እንደ እሱ ጨዋ የለም። እኔ ፊቴን ወደ እነሱ ካዞርኩም ንክች አያደርግም።

ውሻው የአባቴ ግራ ዓይን እንደማያይ አውቋል። እኔ ልጁ አላወቅሁም። በጣም አናደደኝ።

አባቴን ምሳ ላይ ስጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ሥጋውን የሚሰጠው ራሱ እንደሆነ ነገረኝ።

"የአሁኑንስ ሰጠኸው?" አልኩት።

እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። ባዶ ነበር።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለና በቀዶ ሕክምና አነሳለት። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወለል ብሎ እንደሚታየው ይምላል። ግን ሳያይም አያለሁ ሲል የከረመ ሰው ነው፤ ጣቱን እንዳይቆርጥ ሰግቼ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፤ እኔ ወይ ፍንክች።

"እንግዲያው ሻለቃ ይመስክር" አለ።

ሥጋውን በግራው አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጠሁና መስታወቱን አየሁ። ሻለቃ እንደ ልማዱ ዞሮ መጣ። አንገቱን አሰገገ። አባቴ ራሱን አላነቃነቀም፤ ግራ ዓይኑን ብቻ ወደ ውሻው መለስ አደረገ። ሻለቃ ባለበት ቀጥ አለ። ከዚያ አንገቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ እንደ ዋዛ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቁጭ አለ።

ኩራቴ እንባዬን አመጣው። መሳቢያውን ከፍቼ መቀሱን ሰጠሁት።

"የእኔ ውሻ እኮ ነው" አለኝ። ሥጋውን አንስቶ፣ ዓይን ለዓይን እያየው፣ በግራ እጁ አጎረሰው።