የሰሞነኛው ፎርፌ

አሰለች ጠላ ቤት ሬዲዮኗ አንድ ነበረች፤ ዳኛው ግን ጠጪው ሁሉ ነው። በ1979 ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ላሊበላ ላይ ስለ ቦክስ የማያወራ ወንድ ጠፍቶ ነበር። ሬዲዮኗ በስፖርት ሰዓት ባሕር ማዶ ስላለ አንድ የዓለም ሻምፒዮን ታወራለች። ስሙን እያንዳንዱ በራሱ አፍ ስለሚጠራው ሦስት ሻምፒዮን ያለ ይመስል ነበር። ሰውየው ዋናውን ተፋላሚ ትቶ ጉልበታቸው ያለቀ ቦክሰኞችን እየመረጠ ይገጥማል አሉ። ግማሹ ቤት ፈሪ ነው፣ ቀበቶው ይገፈፍ አለ። ግማሹ ደግሞ ብልህ ነው አለ።

ከብልሆቹ ወገን ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው አለሜ ነው። አለሜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ቀልድ ካገኘ እራቱን የሚረሳ ልጅ ነበር። ዳዊት እስኪደግም የቄስ ትምህርት ቤት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሁለት የተኙ ተማሪዎችን ነጠላ ለነጠላ ቋጥሮ "እሳት" ብሎ በመጮሁ ተባረረ። ትምህርቱም እዚያው ላይ አበቃ።

"ቀበቶ ያለው ሰው ቀን ይመርጣል፣ ሰው ይመርጣል" ይላል አለሜ ጣሳውን እያነሳ። "ቀበቶ የሌለው ምን ይመርጣል? ጠላ ይመርጣል፤ እንደ እናንተ።"

ቤቱ ይስቃል። ሁሉም ግን የሚወራው ስለ ፈረንጅ አገር እንዳልሆነ ያውቃል። የሚወራው ስለ ውዱ ነው።

ቦክስን ላሊበላ ያመጣው አረጋ የሚባል፣ ከጦር ሜዳ እግሩን እየጎተተ የተመለሰ ወታደር ነው። ከጡረታው ሌላ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ሁለት ጥንድ ጓንት ነበር። ከገበያው ሜዳ ዳር አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ ገመድ አዞረበት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲፈታ ጎረምሳውን ያፋልም ጀመር። ጓንቱ ቢቀደድም በመርፌ ቁልፍ እየተያዘ ሠራ። ሻምፒዮን የሆነው ውዱ ነው፤ ገበያ ላይ ኩንታል እየተሸከመ የሚያድር፣ አንገቱ ከትከሻው የተጣበቀ ልጅ። አለሜ የውዱ ጓደኛ ነበር፤ በየዙሩ መሃል ውሃ ያጠጣዋል፣ ፊቱን ይጠርግለታል፣ ተጋጣሚውን ይሰድብለታል።

ከዚያ ሀብተ ሥላሴ መጣ። ሀብተ ሥላሴ ዲያቆን ነው፤ አባቱ የሞተበት፣ ለእናቱ ለወለተ ሩፋኤል አንድ ልጅ። ሲያዩት ቀጭን ነው፤ ክንዱ ግን ረጅም፣ እግሩም ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ የሚያድር እግር ነው፣ ድካም አያውቅም። አራት ሰው በተከታታይ አሸነፈ፤ አንዱን በዝረራ። አራተኛው ሲወድቅ ውዱ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። አለሜ ዞር ብሎ የጓደኛውን ፊት ተመለከተ፤ ያየውን አልወደደውም።

ነገሩ የቡጢ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያው ሰሞን ከደሴ ደብዳቤ መጣ። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ሊቋቋም ስለሆነ ከየአውራጃው አንድ ቦክሰኛ ከነረዳቱ ይላክ ይላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ አለ፤ ለቡድኑ የተመረጠ ግን ከዝርዝሩ ይወጣል ተባለ። የሚላከው ሻምፒዮኑ ነውና ውዱ ካለፈ ውሃ አቀባዩም ያልፋል። ሀብተ ሥላሴ ውዱን ካሸነፈ ደግሞ ውዱና አለሜ ሐምሌን ከነኮታው ይጠብቃሉ። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም።

አረጋ የጦር ቤት ደንብ ይከተላል። ቀኑን የሚመርጠው ሻምፒዮኑ ነው፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ተፋላሚ በፎርፌ ይሰረዛል።

ዘዴው የአለሜ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት የያዘው ዕውቀት እንዲህ ይጠቅመኛል ብሎ አስቦም አያውቅም። ሰሞነኛ ዲያቆን ሳምንቱን ከቅጥሩ አይወጣም። ደም የፈሰሰው እንደሆነ ደግሞ መቅደስ አይገባም፤ ቦክስ ደግሞ ያለ አፍንጫ ደም ምኑ ቦክስ ነው። ቅዳሜ አፍንጫው የተመታ ዲያቆን ለእሑድ ቅዳሴ አይቆምም። የሀብተ ሥላሴ ሰሞን በየሦስት ሳምንቱ እንደሚደርስ አለሜ ያውቃል። ለውዱ በጆሮው ሹክ አለው። ውዱ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

"ነውር አይሆንም?" አለ።

"ነውሩ ያንተ ነው ወይስ የቀን መቁጠሪያው?" አለው አለሜ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በዲያቆኑ ሰሞን ላይ ተቆረጠ፤ ሀብተ ሥላሴም ቀረ። ለሁለተኛው ሀብተ ሥላሴ ትሁን ከሚባል ዲያቆን ጋር ሰሞን ተለዋወጠ። አለሜ ትሁንን ጠላ ጋብዞ ይህን ከአፉ አወጣ። በማግስቱ ውዱ እጄ ወለም ብሎኛል ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ፤ ፍልሚያውም ልክ ሀብተ ሥላሴ ወደተዛወረበት ሳምንት ተገፋ። አረጋ መዝገቡ ላይ "ቀርቷል" ብሎ ሁለተኛውን ጻፈ። አሰለች ቤት ያን ምሽት ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ሽማግሌ ይኸ ልጅ አልፈራም፣ የምትሸሹት እናንተ ናችሁ ቢል አለሜ አባባ እርስዎ ስለ ቦክስ ምን ያውቃሉ፣ የመቱት ትንኝ ብቻ ነው ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው።

ከሦስተኛው በፊት ሀብተ ሥላሴ ራሱ አለሜን ፈልጎ መጣ። ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ዳዊት የደገምክ ሰው ነህ፤ ይገባሃል" አለው ዲያቆኑ። "ለውዱ ንገርልኝ። በሰሞኔ ብቻ አይሁን። አንድ ቀን ይስጠኝ። ካሸነፈኝ ሐምሌ ላይ እሄዳለሁ፤ ቅር አይለኝም። ሳልገጥመው መሄድ ነው የሚከብደኝ።"

"ምን ቸገረኝ፣ እነግረዋለሁ። ሰሞንህ መቼ ነው አሁን? ተለዋውጣችሁ እኮ ተምታታብኝ።"

ሀብተ ሥላሴ ሳምንቱን ነገረው። ምንም አልደበቀም።

"በማርያም ትነግረዋለህ?"

"በማርያም።"

እውነትም ነገረው፤ ሳምንቱን ለይቶ፣ ቅዳሜውን ቆርጦ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከገበያው የተረፈ ሰው በሙሉ ገመዱን ከበበ። ውዱ ጓንቱን አጥልቆ መሬት መሬት ያያል። አረጋ በባዶው ጥግ ፊት ቆሞ እስከ አሥር ቆጠረ። አሥር ሲል አለሜን ቀልዱ አስነሣው። ከአንዱ ነጠላ ነጥቆ እንደ ዲያቆን ተከናነበ፤ ገመዱን ሾልኮ ገባና ጉልበቱን እያንቀጠቀጠ ከውዱ ዙሪያ ይሸሽ ጀመር። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ፈራ" አለ አንዱ፣ "ፈራ" አለ ሌላው፤ እስከ ማታ ድረስ ስሙ ሀብተ ሥላሴ መሆኑ ቀርቶ "ፈራ" ሆነ። አሰለች ብቻ ለአለሜ ጠላ ስትቀዳ ዐይኑን ሳታየው ቀዳችለት።

ሐምሌ ላይ መኪናው መጣ። ሀብተ ሥላሴ ከረጢቱን ይዞ ወጣ። አለሜ ያን ቀን ከውዱ ጋር ደሴ ነበር። ውዱ ደሴ ላይ በመጀመሪያው ዙር፣ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በአንድ የኮምቦልቻ ልጅ ተዘረረ። ሆኖም የስፖርተኛ ወረቀታቸውን ተቀብለው ነበርና ወረቀቱ ሠራ። ውዱ ደሴ ቀርቶ ጥበቃ ተቀጠረ፤ አለሜ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በመጋቢት መርዶው መጣ። አንድ እጁን አጥቶ የተመለሰ የሰፈር ልጅ ነው ይዞት የመጣው። ሀብተ ሥላሴ ሰሜን ግንባር ወድቋል፤ ሬሳው አልተነሣም።

ለቅሶው ያለ ሬሳ ሆነ። ልብሱን ዘረጉ፤ ከላዩ የቅዳሴ መጽሐፉን አስቀመጡ። አልቃሿ የሺሃረግ ናት፤ ላስታ ላይ የእሷን አፍ የሚያክል የለም። የሟችን መልክ አነሳች፣ ድምፁን አነሳች፣ ለእናቱ ውሃ መቅዳቱን ሳይቀር አነሳች። ጦር ሜዳ ለሞተ ወንድ ግን ሁሉም የሚጠብቀው ግጥም አለ፤ ጀግንነቱ ይነሣል። የሺሃረግ እዚያ ስትደርስ ዞር አለች። እንደገና ወደ መልኩ ተመለሰች። አልቃሽ ያልሆነውን አታለቅስም፤ አገር ፈራ ያለውን ሰው ደፋር ነበር ብላ ብትገጥም ለቀስተኛው በልቡ ይስቅባታል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ወለተ ሩፋኤል እንባ የሌለው ዐይኗን ልብሱ ላይ ተክላ ተቀምጣ ነበር።

አለሜ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በሦስተኛው ቀን ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ብዙ ቆመ። ወለተ ሩፋኤል ብቻዋን ነበረች፤ ስታየው ከልጇ ጓደኞች አንዱ መስሏት ግባ ልጄ አለችው። ለመናገር አፉን ሲያሟሽ እሷ ቀደመችው።

"ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ" አለች።

አለሜ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ያን ቅዳሜ ሊወጣ ነበር። ስንቁን ላደርስለት ብሄድ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ ከቅጥሩ በር አገኘሁት። ሰው ፈራ ሊለኝ ነው እማዬ፣ ልለፍ አለኝ። የነጠላውን ጫፍ ያዝኩት። ታቦት ጥለህ ለቡጢ ትወጣለህ፣ ነገ ቅዳሴው ሲታጎል ምን ትላለህ ብዬ አለቀስኩበት። ተመለሰልኝ።" እጇን አየችው፤ ነጠላውን የያዘችበትን እጅ። "ብለቀው ኖሮ ደሴ ነበር። አሁን በሕይወት ነበር።"

አለሜ በዚያች ደቂቃ ብድግ ብሎ እግዜር ያጥናዎት ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም። ሸክሙን አሮጊቷ ራሷ ተሸክማዋለች።

"እማማ፣ እርስዎ አይደሉም" አለ።

"ማን ነው ታዲያ?"

"እኔ ነኝ። ውዱ ቀኑን አይመርጥም ነበር፤ የምመርጥለት እኔ ነኝ። የእሱን ሰሞን አውቅ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ። ለመጨረሻው እሱ ራሱ ሳምንቱን ነገረኝ፤ ሌላ ቀን እንዲሰጥህ ለውዱ እነግርልሃለሁ ብዬ በማርያም ምዬለት ነበር።"

ወለተ ሩፋኤል እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ውጭ አንዲት ሴት ዶሮ ታባርራለች። አለሜ በጥፊ ትምታኝ፣ ትርገመኝ፣ የሆነ ነገር ታድርገኝ ብሎ ጠበቀ።

"አንድ ነገር ንገረኝ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። ቢገጥመው ያሸንፈው ነበር?"

ዓመት ሙሉ ጠላ ቤት ሲከራከርበት የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው። አለሜ ሌላ ሰው ቢጠይቀው መልሱ አያልቅበትም ነበር።

"ያሸንፈው ነበር" አላት። "ውዱም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ነው የሸሸነው።"

"እንግዲያው ይህን ለእኔ አይደለም የምትነግረው" አለች። "በአርባው ና። የሺሃረግ ባለችበት ተናገር።"

አርባው ደረሰ። በመሃሉ አለሜ ወደ ወገል ጤና ከተማ ዘመድ ጋር ልጥፋ ብሎ ሁለት ጊዜ ስንቅ ቋጥሯል፤ ሁለቴም ፈትቶታል። ድንኳኑ ውስጥ ካህናቱ ባሉበት፣ አረጋ ባለበት፣ አሰለች ባለችበት ተነሥቶ ቆመ። ሲናገር የተለመደው ቀልድ መስሏቸው አንድ ሁለት ሰዎች ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። የሰሞኑን ዘዴ ተናገረ፤ ትሁንን ያጠጣውን ጠላ ተናገረ፤ ወለም አለ የተባለውን እጅ፣ በማርያም መማሉን፣ ነጠላ ተከናንቦ የዘለለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ዲያቆኑ በሦስተኛው ቅዳሜ እስከ ቅጥሩ በር መጥቶ እንደነበር፣ የመለሰውም ፍርሃት ሳይሆን ታቦቱ እንደሆነ ተናገረ። ያን ጊዜ የሳቁት ሰዎች ወደ መሬት አዩ። አረጋ በከዘራው አፈሩን ይጭር ጀመር።

የሺሃረግ ቀስ ብላ ተነሣች። መቀነቷን አጠበቀች፤ ወደ ወለተ ሩፋኤል ዞረች፤ በእናትየው አፍ ሆና አወረደችው።

"ፈራ አትበሉብኝ፣ ልጄ መቼ ፈራ፣
ታቦት ይዞት እንጂ በሰሞኑ ተራ።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁለተኛ ስትለው ወንዶቹም ተነሡ። ወለተ ሩፋኤል በመርዶው ቀን ያላለቀሰችው፣ በሳልስቱ ያላለቀሰችው ሴት፣ ደረቷን ይዛ ወደፊት ደፋ አለችና ልጇን በስሙ ጠርታ ማልቀስ ጀመረች።

አለሜ መሃል ላይ እንደቆመ ቀረ። ሊቀመጥ ቢል ጠጋ የሚልለት የለም፤ ሊወጣ ቢል እሷ ገና አልቅሳ አልጨረሰችም።