ከአባቴ ሳህን ላይ

አባቴ በስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣቶቹ ከተቆረጡ በኋላ የምታክመው ሐኪም ጎደሬና ዳቦ ቀንሶ ዓሣና ቅጠላ ቅጠል እንዲበላ አዘዘችው። እሑድ ግን ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ላቪኒያ፣ መጡና ሳህኑ ላይ ጎደሬ ከመሩበት። በእኛ በቶንጋ ደሴቶች ሰዎች ዘንድ ወንድም የእህቱን ቃል አይጥስም።

«ብላ እንጂ! ዓሣ ብቻ የሚበላማ ድመት ነው!»

«እሺ እትዬ» አለ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን አቀርቅሮ።

ደሜ ፈላ። «አክስቴ፣ የቀሩትንም ስምንት ጣቶች ሊያስቆርጡት ነው?»

«ዝም በይ፣ ምላሳም!»

ልጅ ከአባቱ ሳህን መብላት በእኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። እኔ ግን ጎደሬውን አፈፍ አድርጌ ጎረስኩ። አክስቴ ሲጮኹ ሁለተኛውን ደገምኩ።

አባቴ አልተቆጣኝም። የቀረውን ጎደሬ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ዓሣውን ሳበ።