የተገለበጠው ኩባያ

ሕንድ አገር፣ ራጅኮት ከተማ ውስጥ ቤት አከራይ መጀመሪያ ፊት ያያል፤ ቀጥሎ ስም ይጠይቃል። እኔና ቺለሼ በየተራ እንወድቃለን፤ እሷ በፊቷ፣ እኔ በስሜ። እሷ ነርስነት ልትማር ከዛምቢያ የመጣች የክፍል ጓደኛዬ ናት። እኔ ዳክሻ፣ ከከተማው ራቅ ያለ መንደር ውስጥ እንደ ርኩስ ከሚታዩት፣ የሞተ ከብት ከሚጎትቱት ወገን ነኝ። ክፍል ካላገኘሁ የአውቶቡሱ ምልልስ ትምህርቴን ሊያስጥለኝ ነው። እሷም በሰው ቤት ወለል ላይ መተኛት አንገሽግሿታል።

"የማን ይብሳል?" እያልን እንከራከር ነበር።

"የኔ ነዋ!" ትላለች። "እኔን ገና አፌን ሳልከፍት ነው መንገድ ላይ የሚሰድቡኝ። አንቺ ዝም ካልሽ ማን ያውቅብሻል?"

"ዕድሜ ልኬን ዝም ልበል እንዴ? አንቺ አገርሽ ስትገቢ ያልቅልሻል፤ እኔን አገሬ ስገባ ነው የሚጀምረኝ።"

ሊላባ የሚባሉ ባልቴት ቤት የሄድን ቀን ግን መላ ነበረን። የቤተሰቤ ስም ፓርማር ነው፤ በዚህ ስም እኛም እንጠራለን፣ ባለርስቶቹ ዳርባሮችም ይጠሩበታል።

"ከየትኞቹ ፓርማሮች ነሽ፣ ልጄ?" አሉኝ ሊላባ።

"ከዳርባሮቹ ነኝ፣ እማማ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ፊታቸው በራ። ወደ ቺለሼ ሲዞሩ ግን ጠቆረ። "ይህችስ? ሥጋ ትበላለች? ጎረቤት ምን ይለኛል?"

"እዚህ ቤትማ ሥጋ ቀርቶ እርስዎ የማይበሉትን ሽንኩርትም አልከትፍ፣ እማማ" አለች ቺለሼ በኛው ቋንቋ። ባልቴቷ ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

"ይሁን እንግዲህ። የደህና ሰው ልጅ አብራት ካለች ምን ቸገረኝ" ብለው ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። ሻይም በብረት ኩባያ አመጡልን።

ደስ ብሎኝ ጨለጥኩት። ከዚያ ብድግ ብዬ ኩባያዬን ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አለቀለቅሁና አጥሩ ጫፍ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት።

መንደራችን ውስጥ ባለርስት ቤት ሻይ ስንጠጣ እንዲህ ነው የምናደርገው። የኛ ኩባያ ውጭ ይቀመጣል፤ ራሳችን አጥበን፣ ራሳችን እንገለብጠዋለን። እናቴ የእግዜር ሰላምታ ሳታስተምረኝ በፊት ያስተማረችኝ ይህን ነው። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ!

ዞር ስል ሊላባ ኩባያውን እያዩ ነበር። የዳርባር ልጅ በሰው ቤት ኩባያዋን አጥባ አጥር ላይ አትገለብጥም።

"ውጪልኝ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። ቁልፉን ለቺለሼ ዘረጉላት። "አንቺ እንግዳ ነሽ፤ አታውቂም። ግቢ።" በኔ ሲናደዱ የእሷን ጥቁረት ረስተውት ነበር።

ቺለሼ አየችኝ። እምቢ እንድትልልኝ ፈልጌ ነበር፤ ከልቤ ነው የፈለግኩት። ስታመነታ ሳይ ግን ደሜ ፈላ፤ ጥያት ወጣሁ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እያለከለከች ደረሰችብኝ። ያን ኩባያ ይዛለች።

"'ወስደሽ ጣዪው' አሉኝ" አለች።

"ክፍሉስ?"

"ወሰድኩት። ሌላ የሚያስገባኝ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደልኝም። "በይ አሁን ተከራከሪኛ! የማን ይብሳል?" አልኳት።

እዚያ የቆመ ሻይ ሻጭ ጠርታ ኩባያውን አስሞላች። ግማሹን እሷ ጠጣችና የቀረውን ለኔ ሰጠችኝ፤ ጨረስኩት። ከዚያ፣ ሳላስበው፣ ኩባያውን ይዤ ውሃ ፍለጋ ተነሳሁ።

ቺለሼ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ተይው፣ ዳክሻ" አለችኝ። "እንደቆሸሸ ይቅር።"