ሰብሳቢ የጠፋለት የሠራተኞች ማኅበር

ደሪቱን እንቅልፍ የነሳት አንድ ጥያቄ ነው። በምትሠራበት የለሚ ኩራ ልብስ ፋብሪካ እህቷ ሜቲ ሙቀቱ አዙሯት ማሽኗ ላይ ብትወድቅ፣ «ሰነፍ» ተብላ ተባረረች። የሠራተኛ ማኅበር ካልቆመ ነገ ተረኛዋ ሌላ ናት። አባል መሆን የሚፈልግ ሞልቷል፤ ሰብሳቢ ልሁን የሚል ግን የለም። ስሙ ቀድሞ የተጻፈ ቀድሞ ይባረራላ! እነዚሁ ፈሪዎች ታዲያ በሚካኤል ጽዋ ማኅበራቸው ከአፋቸው ቀንሰውም ቢሆን ይደግሳሉ እንጂ እምቢ አይሉም። ይህ ጽዋ ምን ቢኖረው ነው?

ነገሩን እዚያው ማየት ፈለገችና ጉዳዩን ይዛ ጎሮ ሰፈር፣ ፋብሪካውን በሚያጸዱት በእማማ አሰገደች ቤት ወደተሰበሰበው የጽዋ ማኅበር ሄደች። ጨርቅ ቆራጩን ሃይደርን ጨምሮ ሌሎቹም ሠራተኞች ተጠሩ። ጾም ስለሆነ ሙስሊሙም የሚበላው አላጣም።

ከጸሎት በኋላ ደሪቱ፣ «እሺ፣ ማን ይምራን?» አለች።

ሁሉም አቀርቅሮ ሽሮውን ያላምጥ ጀመር። ሽሮ ደግሞ መቼ ነው የሚላመጠው?

የመሰነባበቻው ሰዓት ደረሰና እማማ አሰገደች ጽዋውን ይዘው ቆሙ። የሚረከባቸው ሰው የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ማንም ከመነሳቱ በፊት በር አጠገብ የነበረው ሃይደር ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ደሪቱ ክው አለች። አለቀልን፣ አለች በሆዷ፤ አሁን ተቀያይመን እንበተናለን።

የጽዋ ማኅበሩ መሪ፣ የመጋዘን ጠባቂው ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምነው ልጄ?»

«የከበዳቸው መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ጽዋው የሚካኤል ነው፤ ለእኔ ስጠኝ።» ተቀብለው ትንሽ አሰቡ። «ግን እዚህ ቤት የተረከበ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። የሠራተኛውን ማኅበር አንተ ያዝልን። ከስሙ ሥር እኔን ጻፉኝ።»

እማማ አሰገደች እልልታቸውን አቀለጡት። «እኔንም!» «እኔንስ?» እየተባለ ቤቱ በጫጫታ ተሞላ።

ደሪቱ ሃይደርን ውጭ ደረሰችበት።

«ሳታውቅ ነው ያደረግከው። ከፈራህ ተሳስቼ ነው በል፤ ማንም አይቀየምህም።»

«የጎረቤታችንን የሚካኤል ድግስ እየበላሁ ነው ያደግኩት፣ ደሪቱ። ጽዋ የተረከበ ምን እንደሚጠብቀው አላጣውም።»

«ታዲያ ስጠይቅ ለምን እጅህን አላወጣህም?»

«እጄን ባወጣ ብቻዬን ነበር የምባረረው» አለ ሃይደር።