የኔታ ሄድፎን ያደረጉ ዕለት

ንፋስ መውጫ ላይ ዘፈን ጫኝ መሆን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ የለኝም። አንዱ ይመጣና «ዘፋኙ እስኪጀምር ያለውን ቆርጠህ ጫንልኝ» ይላል። ሌላው ከየአልበሙ አንዳንድ ያስለቅመኛል፤ ሽንብራ የሚመርጥ ነው የሚመስለው። ያሉኝን እጭንላቸዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። አንድ አልበም ግን አለኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካልሆነ በቀር ለማንም የማልሰጠው። እውነቱን ለመናገር እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።

አልበሙን ያመጣልኝ መሐሪ ነው። መሐሪ የእስቴ ልጅ ነው፤ መካነ ኢየሱስ አድጎ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ለመንገድ ሥራ እኛ ከተማ የተመደበ። ስልኩን ሊያሠራ መጥቶ ፍላሹን ሱቄ ውስጥ ረሳው። በማግስቱ ሊወስድ ሲመጣ «ሰማኸው?» አለኝ። «ፕሮግረሲቭ ሜታል ይባላል፣ የሮክ ዘር ነው። ከተራ ሜታል ጋር እንዳታምታታብኝ፣ እንጣላለን።» የባንዱን ስም ብነግራችሁ አታውቁትም፤ እኔም በትክክል መጥራቴን እጠራጠራለሁ።

ሰምቼው ነበር። መጀመሪያ ስከፍተው ስፒከሬ የተቀደደ መስሎኝ ደነገጥኩ። ደጄ ላይ የቆመ ባለ ባጃጅ አንገቱን አስግጎ «ወፍጮ ቤት ከፈትህ እንዴ?» አለኝ። ጊታሩ ይጮሃል፣ ድራሙ ይወርዳል፣ ሰውየው እንደ ኮርማ ያገሳል። ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን እጄ ባለበት ቆመ። በመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ በአንድ ጊታር ቀስ ብላ ያለፈች አጭር ዜማ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ተመልሳ መጣች። አሁን ትሮጣለች፣ ተቆጥታለች፣ ሌላ ልብስ ለብሳለች። ግን እሷው ናት። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ያደግሁት ከንፋስ መውጫ ብዙም በማትርቀው በቤተ ልሔም ነው፤ አባቴ መሪጌታ ቀለመወርቅ የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የተማረ ሰው ከያገሩ ተነሥቶ ሊያስመሰክር የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው፤ የቤተ ልሔም መምህር ሰምቶት «ይህ ልጅ ያውቃል» ሲል ነው ሄዶ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው። እኔ ጾመ ድጓ ላይ ስደርስ ወደ አስኳላ ሄድኩ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ቀረ። ድጓ ውስጥ አንዲት የዜማ ሐረግ በአንዱ በዓል ትሰማታለህ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ በሌላ በዓል፣ በሌላ ቃል ላይ ተቀምጣ ታገኛታለህ። አባቴ ልጅ ሆነን ሲያስተምሩን ሐረጓ የተመለሰችበት ቦታ ላይ ጣታቸውን ብድግ ያደርጉ ነበር። ታዲያ እነዚህ ጸጉራቸውን እስከ ወገባቸው ያሳደጉ ፈረንጆች ይህን ከየት አመጡት? እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ቃሉን መሐሪ ተረጎመልኝ። ዘጠኙም ዘፈን አንድ ታሪክ ነው። አንድ ማዕድን ቆፋሪ ጉድጓዱ ይናድበታል፤ አይሞትም፣ ከታች ሆኖ ድንጋዩን በመዶሻ ይመታል። ከላይ ያሉት ይሰማሉ፤ ግን ሩቅ አገር የሚያጉረመርም ነጎድጓድ ይመስላቸዋል። ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ አድጎ እዚያው ጉድጓድ ይገባል፤ በዘጠነኛው ዘፈን ላይ የመዶሻውን ምት ይሰማና መልሶ ይመታለታል። ያቺ አጭር ዜማ የመዶሻው ምት ናት። በአንዱ ዘፈን ነጎድጓድ፣ በአንዱ የእናት እንጉርጉሮ፣ በአንዱ ደግሞ የገበያ ጫጫታ ሆና ትመጣለች። ከዘጠኙ አንዱን ብታወጣ ጉድጓዱ ይናዳል።

እኔና መሐሪ በዚህ አልበም ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እሱ «ነገሩ የሠራተኛ መበዝበዝ ነው» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ሰው ሁሉን ነገር እዚያ ያደርሰዋል። እኔ ደግሞ ነገሩ ያልተሰማ ሰው ነው እላለሁ። በዓለም ላይ ሳይሰማ ከመቅረት የከፋ ምን አለ? ሱቄን ከፍቼ፣ ትልቁን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ጭኜ ስሰማ፣ ያቺ ዜማ በመጨረሻው ዘፈን መልስ ስታገኝ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። ደንበኛ ካየኝ የብየዳው ጢስ ነው እለዋለሁ።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ መሪጌታ ኪዳን ሱቄ መጣ። ኪዳን ከአባቴ ሥር ሆኖ ልጆቹን የሚያስጠና፣ አብሮ አደጌ ነው። ሻይ አዘዝኩለት፤ አልጠጣውም።

«የኔታ አይሰሙም» አለኝ።

«ማንን?»

«ማንንም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የተማሪውን አፍ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ዜማው አይደርሳቸውም። ዘካርያስ የሚባል ከሰሜን የመጣ ተማሪ አለ፤ እሁድ ይመሰክሩለታል። ጾመ ድጓው ላይ ብዙ ቦታ ያጎድላል። ብነግረው ‹የኔታ ራሳቸው ነቅንቀውልኛል፣ አንተ ማን ነህ› አለኝ። ያንን ይዞ ሄዶ ወንበር ሲዘረጋ ስሕተቱ ዘር ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በየኔታ ስም።»

«አንተ ለምን አትነግራቸውም?»

«በምን አፌ? አይሰሙም ብል ወንበሩን ፈልጎ ነው ይባላል። አንተ ልጃቸው ነህ።»

ልጃቸው ነኝ፤ ግን አባቴን እኔም የኔታ እንጂ አባባ ብያቸው አላውቅም። አባቴ ጆሯቸውን ካጡ ምን ይቀራቸዋል? እርሻ የላቸው፣ ንግድ የላቸው፤ ያላቸው ሁሉ የገባው በጆሮ ነው። ቢሆንም በማግስቱ በሚኒባስ እስከ መገንጠያው ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤተ ልሔም አዘገምኩ። መንገዱን ሁሉ ትልቁን ሄድፎን አድርጌ አልበሙን ከስልኬ እየሰማሁ ነበር፤ ያለ እሱ ልቤ አይደፍርም።

የኔታን ከቤታቸው በር አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ከጥዱ ሥር ናቸው፤ ዘካርያስ መሃል ቆሞ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ኪዳን በመቋሚያው መሬቱን እየመታ ያስተካክላል። ጉልበት ስሜ «እንዴት ዋሉ የኔታ?» አልኩ።

«ተመስገን፣ ገብሱ ተወቅቶ ገባ» አሉኝ። ስለ ገብስ አልጠየቅኋቸውም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልናገር አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። እሳቸው የዛሬን ልጅ ያማሉ። የዛሬ ልጅ አፉን አይከፍትም፣ ያንጎራጉራል። ቄሱም ቅዳሴውን ይውጠዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ሳይሰነጠቅ አልቀረም። «አውራ ዶሮው እንኳ ስንፍና ተጋብቶበታል» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ጭንቅ ሲለኝ ጣቴ አርፎ አይቀመጥም። ጉልበቴ ላይ የአራተኛውን ዘፈን ድራም እመታለሁ፤ የኔታ ዓይናቸው ጣቴ ላይ ቀረ።

«ምንድር ነው የምትመታው? ስድስት ትሄድና ሰባተኛው ላይ ትሰብረዋለህ። የእኛ ከበሮ እንዲህ የለውም።»

ይህን አልበም አባቴ ቢሰሙት ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመኝቻለሁ፣ ግን ደፍሬ አላውቅም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ዘፈን ነው የኔታ! የፈረንጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ። «እስቲ አምጣው።»

ጥምጥማቸውን ከፍ አድርጌ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁና ከመጀመሪያው ዘፈን ጀመርኩ። ድምፁ እኔ በምሰማበት ልክ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አውልቆ ይወረውረው ነበር። እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ ጨምር ነው። ጨመርኩ። አሁን እኔ ከጎናቸው ሆኜ ቃሉን እየለየሁ እሰማለሁ። አሁንም ጨምር አሉኝ። መጨረሻው ላይ ደርሼ የሚጨመር ሲያልቅ ነው እጃቸው የወረደው። ያን ጊዜ ኪዳን የነገረኝን አመንኩ።

የኔታ ግን ፊታቸው ተለወጠ። አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀሩ።

«ይሰማል» አሉ፣ ጮክ ብለው። «ልጄ፣ ይሰማል።»

ሰውየው አገሳ፣ ጊታሮቹ ተነሡ፤ አልተከፉም። ሦስተኛው ዘፈን ሲደርስ እኔ ፊታቸውን እያየሁ ጠበቅሁ። ያቺ ዜማ በተመለሰችበት ቦታ፣ ሳትቀድም ሳትዘገይ፣ የአባቴ ጣት ብድግ አለ። አራተኛው ላይም ተነሣ። አምስተኛው ላይ እንጉርጉሮ ሆና ስትመጣም ተነሣ። ስድስተኛው ላይ የለችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፣ መሐሪም የለችም ብሏል። የአባቴ ጣት ተነሣ፣ ረጅም ጊዜም ሳይወርድ ቆየ። ተሳሳቱ ብዬ አዘንኩ። በኋላ ሱቄ ተመልሼ ስፈትሸው ከሁሉም በታች፣ ቤዙ ላይ፣ እጅግ ዘግይታ የዘፈኑን ሙሉ ርዝመት ተሸክማ ስትሄድ አገኘኋት። ዘፈኑ በእሷ ላይ ነበር የቆመው። እኔ በደህና ጆሮዬ ያላገኘኋትን አባቴ በሞተ ጆሯቸው አገኟት። ምን ልበላችሁ፣ አሁንም ስጽፈው ጸጉሬ ይቆማል።

ሰባተኛው ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማንን ነው የሚጠራ?»

እንግሊዝኛ አያውቁም። ቃሉን የነገራቸውም የለም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ስምንተኛው ጀመረ፤ መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘጠነኛው ላይ ሁሉም መሣሪያ አንድ በአንድ ይተዋታል፤ ዜማዋ ብቻዋን ትቀራለች፣ እንደ መጀመሪያው በአንድ ጊታር። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ከዝምታው ውስጥ ከሌላ ወገን የሚመልስ ምት ይመጣል። ምቱ ሲመጣ የኔታ ጣታቸውን አላነሡም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና እንባቸው ሽበታም ጺማቸው ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ። ይህን ሰው ይህን ዜማ ሲሰማ ማየቴን በምንም አልለውጠውም።

ሄድፎኑን ራሳቸው አወለቁት። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ጥዱ አዩ። ዘካርያስ አንገቱን አቅንቶ በሙሉ ድምፁ እየመራ ነበር፤ ሌሎቹ ሸለቆው እስኪመልስ ድረስ ይቀበሉታል።

«ልጆቹ ለምን ዝም አሉ?» አሉኝ።

ዐርፈው ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው፣ ሁላችንም በሰላም እንውላለን። ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው አፌን እያዩ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን እንደዚህ ሲያዩ እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ዝም አላሉም የኔታ» አልኩ፣ እንዲያነቡት አፌን ከፍቼ፣ ሳልጮህ። «እያዜሙ ነው።»

ተመልሰው ወደ ተማሪዎቹ አዩ። አንዱን ካንዱ እየለዩ፣ አፍ አፋቸውን፣ ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ልደግፋቸው ብሞክር እጄን በቀስታ ገፉት። ጥዱ ሥር ሲደርሱ ተማሪዎቹ ዜማውን አቁመው ብድግ አሉ። የኔታ ዘካርያስ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ለእሁድ ተዘጋጅተህ ነበር» አሉት። «እኔ የሰማሁትን ነው የምመሰክር። አንተን አልሰማሁህም። ከመጣህ ጀምሮ አንድ ቀን አልሰማሁህም። ራሴን ስነቀንቅልህ ዋሸሁህ፤ ይቅር በለኝ።»

ዘካርያስ እግራቸው ላይ ሊወድቅ አጎነበሰ፤ ትከሻውን ይዘው አቀኑት። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አባቴን ፈራኋቸው። ስንት ዘመን የተከበረበትን ነገር በገዛ አፉ፣ በተማሪ ፊት፣ እንዲህ የሚያስረክብ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

የኔታ ኪዳንን እጁን ይዘው ወሰዱትና ማስተማሪያቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ኪዳን ሊነሣ ሲል መልሰው ተጫኑት። እሳቸው ከታናሹ ተማሪ ጎን፣ መሬት ላይ፣ ለኪዳን አፍ ቅርብ ሆነው ተቀመጡ።

«ጀምር» አሉት።

ኪዳን በመቋሚያው መሬቱን መታ። የኔታ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው፣ ዓይናቸውን አፉ ላይ ጥለው ይጠብቁ ነበር።