ከፊት ያለው ጎማ

ባሌና ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ጀመሩ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወንድሜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር። ቦርጫቸውን በዚያ ጥብቅ ቁምጣ ጠቅልለው ሲወጡ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ነገሩ ግን የምር ነበር። ጋሼ፣ ወንድሜን ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራው፣ በአንድ ጀምበር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ውድድር ላይ ተመዝግቧል። "ሳልሞት አንዴ ልጨርሳት" ይላል። ባሌን ጎትቶ ያስገባውም እሱ ነው።

እሁድ እሁድ ማለዳ ለልምምድ ሲወጡ እኔ ውሃና መለዋወጫ ጎማ ጭኜ በመኪና ከኋላ እከተላቸዋለሁ። ባሌ ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ ጋሼ ከኋላው። የጋሼ ጎማ ከባሌ ጎማ አንድ ክንድ አይርቅም።

"ጋሼ፣ አንዳንዴ እንኳ አንተ ምራ እንጂ" አልኩት አንድ ቀን።

"ነፋሱን እሱ ይጋፈጥልኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ" አለና ሳቀ። ባሌ ደረቱን ነፋ፤ ሙገሳ ሲሰማ መሬት አይበቃውም።

እኔን ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። አንዴ ከባድ መኪና የጋሼን ጎን ታክኮ ሲያልፍ እኔ ከኋላ ፍሬን ረገጥኩ። ጋሼ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። "ትኩረት ማለት ይሄ ነው" አለ ባሌ በኋላ።

ባለፈው እሁድ ባሌ ሽንቱ መጣና ምንም ሳይናገር ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቁጥቋጦው አመራ። ጋሼም ተከትሎት ወረደ። ጠጠሩን አልፎ፣ ሣሩን አልፎ፣ እስከ ቁጥቋጦው ድረስ። ባሌ ሲቆም ከኋላው ተላተመበትና ሁለቱም ወደቁ።

"ጋሼ፣ ለሽንት እንኳ ብቻዬን ተወኝ እንጂ" አለ ባሌ፤ እየሳቀ ተነስቶ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ጋሼ ተንበርክኮ መሬቱን እየዳበሰ መነፅሩን ይፈልጋል። መነፅሩ እዚያው ጉልበቱ አጠገብ ነበር።

አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መነፅሩን አጠለቀ። "የጠፋኝ ጎን ጎኑ ነው። ፊት ለፊት ደህና አያለሁ።"

"ጋሼ፣ የምትነዳው አውቶቡስ ነው። ልጄን ነው የምትጭነው።"

"መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ውድድሩን ልጨርስና ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክባለሁ። እህቴ አይደለሽ? እስከዚያ አታዋርጂኝ።"

አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። ብስክሌቱን አነሳሁለት። ለባሌም አልነገርኩትም፤ ለእሱ ጠዋት የተነገረ ነገር ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው የሚገኘው። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ሰኞ ጠዋት የአውቶቡሱ ጥሩንባ በራችን ላይ ጮኸ። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ስትሮጥ እጇን ያዝኳት። ወደ ሾፌሩ መስኮት ቀረብ ብዬ "ትንሽ አተኩሷታል፤ ዛሬ ትቅር" አልኩት።

ጋሼ ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን በልጆቹ ፊት ምን ይበል? ከኋላው አውቶቡሱን የሞሉት የሌሎች ሰዎች ልጆች ይንጫጫሉ። አንዷ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለበለብኩላት።

"ይማርልሽ" አለኝና ሄደ።

አፈርኩ። ቢሆንም የልጄ እጅ እጄ ውስጥ ነበርና እፎይ አልኩ።

እሷ ግን አኮረፈች። "አላመመኝም እኮ። አሁን ጋቢና ማን ሊቀመጥ ነው?"

"ጋቢና ነው እንዴ የምትቀመጪው?"

"አዎ፣ አጎቴ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያስቀምጠኝ። ጨዋታ አለን። መብራቱ ቀይ ሲሆን፣ ልጅ ሲሻገር፣ ቀድሞ ያየ ይናገራል። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ዛሬ ማን ይነግረዋል?"

ዞር ስል አውቶቡሱ ከመንገዱ ጫፍ ታጥፏል።